መሪው ነው ወይስ እጄ

ሰው መኪናውን ጋራዥ ይዞ ሲሄድ ቀላል ነገር እንዲሆንለት ይመኛል። ሲሚንቶ ግን ያን ጠዋት ወደ እህቱ ጋራዥ ሲገባ፣ መኪናዋ ክፉኛ ታማ እንድትገኝ በልቡ እየለመነ ነበር።

ሲሚንቶ ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። በተራራው ገደላማ መንገድ ላይ ሲነዳ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ጉልበቱ ላይ ቢያስቀምጡለት ጠብ አያደርግም ይሉታል። ሲያጋንኑ ነው፤ ቢሆንም እጁ የተመሰከረለት ነው። በየሳምንቱ ነርሶችንና መድኃኒት ይዞ ተራራው አናት ላይ ወዳለው ክሊኒክ የሚወጣው እሱ ነው። ከነርሶቹ አንዷ የዚህችው የእህቱ ልጅ ናት፤ ነገም ተራዋ ነው።

መኪናዋ ፎርዊል ናት። ክረምት ላይ ወንዙን እንድትሻገር ብለው ከፍ አደረጓት፤ ረጃጅም ሞላ ገጠሙላት፣ ትልልቅ ጎማ አለበሷት። ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ ስትረግጥ መሪው እጁ ላይ ይንዘፈዘፋል። ለመሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ኃላፊ ተናገረ። ኃላፊው ጎማዎቹን ባላንስ አስደረገ፣ የመሪውን ንዝረት የሚያፍን አዲስ ሾክ አስገጠመ፣ ራሱ ነድቶም አየና «ምንም የላትም። ይልቅ አንተ ዕረፍት ውሰድ» አለው። በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። ሲሚንቶም ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ አብሯቸው ሳቀ።

ግራ እጁ ይንቀጠቀጣል። መሪ ሳይዝ፣ ቁጭ ብሎ እያወራ፣ ሸሚዙን እየቆለፈ። ከመሪው የተረፈ ንዝረት ነው፣ መኪናዋ ስትድን እሱም ይተወኛል እያለ ራሱን ሲያሞኝ ከረመ። ለሚስቱ እንኳ አልተነፈሰም።

አባታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እሱም ለሰው አልተናገረም። የሻይ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር እየተጋጨ ሲያሳጣው፣ ማስቀመጫውን ትቶ ብርጭቆውን ብቻ መያዝ ጀመረ። ቤተሰቡም አይቶ እንዳላየ ሆነ። አንድ ቀን መኪናውን ወደ ግቢ ሲያስገባ መሪው አመለጠውና፣ በሩን የከፈተችለትን እናታቸውን ከግንቡ ጋር አጣበቃት። ተረፈች፤ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ እያነከሰች ኖረች። እህትና ወንድም ስለዚያ ቀን አያወሩም።

«እትዬ፣ ይቺን ጉድ እዪልኝ እስቲ» አላት።

እህቱ እጇን በቱታዋ ጠረገች። «ምን ሆነች?»

«መሪዋ ይንቀጠቀጣል። እነሱ ምንም የላትም ይላሉ።»

«እነሱ ማለት ያ ወንበር አሟቂ? በል ቁልፉን አምጣ።»

እሷ ነዳች፤ እሱ ጎኗ ተቀምጦ እጆቹን ከጭኑ ሥር ከተተ። ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ አስፋልቱ የተቦረቦረበት ቦታ አለ። ፍጥነቷን ስድሳ አድርሳ የግራውን ጎማ ጉድጓዱ ውስጥ ጣለችው። መኪናዋ ነጠር አለችና ቀጥ ብላ ሄደች። ዞራ ደገመችው። ምንም የለም።

ሲሚንቶ እጆቹን ከጭኑ ሥር ይበልጥ ሸጎጠ። ታዲያ ባለፈው ሳምንት ቁልቁለቱ ላይ የተንዘፈዘፈው ማን ነው? የእህቱ ልጅ አጠገቡ ነበረች። «አጎቴ፣ ደህና ነህ?» ነው ያለችው። መኪናዋ ምን ሆነች አላለችም።

እህቱ ዳር ይዛ አቆመችና ወርዳ ከሥር አየች። «ይሄን አዲስ ሾክ ማን ነው የገጠመው?»

«ኃላፊው።»

«በሽታውን ሳያገኙ አፉን ለጎሙት! ይሄ እኮ መንቀጥቀጥ አያድንም፤ እስኪያረጅ ድረስ ይደብቀዋል እንጂ።» መፍቻ አወጣችና እዚያው መንገድ ዳር ሾኩን ፈታችው።

«ያለ ሾክ ልትነጂ ነው?»

«ቀበቶህን እሰር።»

በሦስተኛው ዙር ጎማው ጉድጓዱን ሲመታ መሪው ከእጇ ሊወጣ ተንፈራገጠ። የፊት ጎማዎቹ ግራ ቀኝ ተራገጡ፣ ዳሽቦርዱ ተንኳኳ፣ የሲሚንቶ ጥርስ ከጥርሱ ተፋጨ። ከፊት ለፊት የጭነት መኪና እየመጣ ነበር። እህቱ ፍሬን አልመታችም፤ ነዳጁን ለቃ መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። የጭነት መኪናው ክላክሱን እያስጮኸ አጠገባቸው አለፈ። መኪናዋ እየተንገዳገደች ፍጥነቷ ወርዶ ወርዶ በመጨረሻ ተረጋጋች።

እህቱ ግንባሯን ጠረገች። ዞር ብላ ስታይ ወንድሟ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ይስቃል።

«ምን ያስቅሃል አንተ ሰውዬ? ልናልቅ ነበር እኮ!»

«አየሽ አይደል እትዬ? መኪናዋ ናት! አየሽ አይደል?»

እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። በኤሊ እርምጃ ወደ ጋራዡ ሲመለሱ እያፏጨ ነበር።

እህቱ መኪናዋን በክሪክ አላነሳቻትም። ክብደቱ ጎማው ላይ እያለ ካልታየ የላላ ነገር ይሰወራል። ካርቶን አነጠፈችና ከሥር ገባች። «ሞተሩን አስነሳ። መሪውን ትንሽ ግራ፣ ትንሽ ቀኝ፤ ሳታቋርጥ።» እሱ ሲያዞር እሷ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጇ እየያዘች ታዳምጣለች። «እዚህ የለም። እዚህም የለም። ቆይ… እዚህ ጋ ነሽ አንቺ ቀጣፊ!»

የፊት ጎማዎቹን አክሰል ከመኪናዋ አጽም፣ ከሻንሲው ጋር አግድም የሚይዘው ዘንግ ነበር። ከፍ ሲያደርጓት ብሎኑን በቅጡ አላጠበቁትም፤ ሲመታ ሲመታ ውሎ የገባበትን ክብ ቀዳዳ እንቁላል አስመስሎታል።

«አሁን ሞተሩን አጥፋ። መሪውን እንደያዝክ ዝም በል፣ ልለካው።»

ሞተሩ ጠፋ። ጋራዡ ጸጥ አለ። ጠ ጠ ጠ ጠ የሚል ነገር ተሰማ።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለች ከሥር።

ሲሚንቶ ወደ እጁ አየ። የጋብቻ ቀለበቱ የመሪውን ፕላስቲክ እየመታ ነው። እጁን አነሳ፤ ድምፁ ቆመ። «ምንም አይደለም። ቁልፉ ነው።»

ከሥር መልስ አልመጣም። ቀለበቱን ቀስ ብሎ አወለቀና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

እህቱ ወፍራም ብረት ቆርጣ፣ በልኩ በስታ በተበላው ቀዳዳ ላይ በየደችው፤ አዲስ የላስቲክ ጎሚኒና ብሎን አስገብታም አጠበቀች። እሱ መሣሪያ በቀኝ እጁ ብቻ ሲያቀብላት ከሰዓት ሆነ። ሾኩን አልመለሰችውም። «ያለሱ ቀጥ ካላለች አልዳነችም» ብላ ቁልፉን ዘረጋችለት። «አሁን አንተ ንዳ።»

ነዳ። ስድሳ ላይ ጉድጓዱን ረገጠ። መሪው ንቅንቅ አላለም። ዞሮ ደገመው፤ አሁንም ጸጥ።

«እጅሽ ይባረክ!» አለ። «ነገ እንደ ድሮዬ ነው የምወጣው።»

እህቱ መንገዱን አልነበረም የምታየው። «ቀለበትህ የት ሄደ?»

«ግራሶ እንዳይነካው ብዬ… ኪሴ ውስጥ ነው።»

«አባባም የብርጭቆውን ማስቀመጫ ትቶ ነበር» አለች። ድምጿ ለስላሳ ነበር። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። «ቅድም ቁልፉ ነው ስትለኝ ዝም አልኩ። ያኔም ሁላችን ዝም አልን። ነገ ጎንህ የምትቀመጠው ልጄ ናት። ደህና ነኝ ካልከኝ አምንሃለሁ።»

ደህና ነኝ የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ማስረጃም አለው፤ መኪናዋ ታማ እንደነበር እህቱ ራሷ ከሥር ገብታ አይታለች። ከእንግዲህ ሲሚንቶን ማን ይጠረጥረዋል? ግን እናቱ ታየችው፤ የግቢውን በር ልትከፍት እግሯን እየጎተተች ስትሄድ።

ዳር ይዞ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ።

«መኪናዋም ታማ ነበረች» አለ። «እኔም ታምሜያለሁ፣ እትዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከክረምቱ በፊት።»

መኪናዋ ከፍ ሳትደረግ በፊት ማለት ነው። ይህን ለራሱም እንኳ ጮክ ብሎ ተናግሮት አያውቅም። ወረደና በፊት ለፊት ዞሮ መጣ፤ እህቱ ወደ መሪው ተሻግራ ነበር። ቀለበቱን ከኪሱ አውጥቶ ሊያጠልቅ ቢሞክር ጣቱን እየሳተ አስቸገረው። እሷ እጁን አጥብቃ ያዘችና አጠለቀችለት።

«ነገ መኪናዋን እኔ እነዳታለሁ። አንተም አብረኸን ትወጣለህ። ክሊኒኩ መድኃኒት ለምታመጣለት ሰው ብቻ አልተሠራም፤ ግባና ታይ።»

ሊስቅ ፈለገ፤ አለቀሰ። ወደ ጋራዡ ሲመለሱ ቀለበቱ የቀበቶውን መቆለፊያ እየነካ ጠ ጠ ይል ነበር። እጁን አላነሳም።