የእትዬ ፋንታዬ ፖም ራቁቱን የቆመበት ሰሞን

አቶ ወንዳፈረው ለቅሶ ፎንቆ ከተማ ሄደው ሁለት ቀን ቆይተው ሲመለሱ ጓሮው በር ላይ ድርቅ ብለው ቀሩ። የባለቤታቸው የእትዬ ፋንታዬ ፖም አንድም ቅጠል አልነበረውም።

አንድም አልነበረውም ሲባል፣ ጥቂት ረግፎ ጥቂት ቢጫ ሆኖ ማለት አይደለም። ከሥሩ እስከ ጫፉ ባዶ ነው። ሲሄዱ ለምለም የነበረው ዛፍ አሁን ጭራሮ ሆኖ ቆሟል።

ዙሪያውን ዞሩት። ነፋስ ነው እንዳይሉ፣ መሬት ላይ የወደቀ ቅጠል የለም፤ ጥርግ ተደርጎ የተወሰደ ነው የሚመስለው። አንበጣ ነው እንዳይሉ፣ አጠገቡ ያለው ጌሾ ንክች አላለም፤ አጥሩ ላይ የተጠመጠመው ፓሽን ፍሩትም እንዳለ ነው። ፍየል ነው እንዳይሉ፣ ፍየል እስከ ጫፍ አትደርስም፤ ብትደርስም ቅርንጫፍ ሳትሰብር አትወርድም።

«ታዲያ ምን በላው?» አሉ ጮክ ብለው። ጓሮው ውስጥ የሚመልስላቸው ሰው አልነበረም።

እትዬ ፋንታዬ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ፣ ልጃቸው ማኅሌት ዘንድ ነበሩ። ሲሄዱ መኪናው ውስጥ ገብተው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ስለ ራሳቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ ስለ ፖሙ ነበር አደራ ያሉት። አራት ዓመት አሳድገውታል። ችግኙን ያመጣችላቸው የጎረቤታቸው ሚስት ሣራ ናት፤ ደጋው ዶዮገና ካለው የወላጆቿ ጓሮ ሁለት ችግኝ አምጥታ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለእሳቸው ተከለችው። ዛፉ ቁመት ጨመረ፣ ቅጠል አወጣ፤ አበባ ግን አንድም ቀን አላሳየም። «አበባውን ሳላይ እንዳልቀር ብቻ» ብለው ነበር እትዬ ፋንታዬ በመኪናው መስኮት፣ እንደ ቀልድ። አቶ ወንዳፈረው ግን እንደ ቀልድ አልሰሙትም። ሰው ሆድ ዕቃው ሊከፈት ሲሄድ የሚናገረው ነገር ቀልድ አይመስልም።

እሳቸው ደግሞ የአፈር ሰው አልነበሩም። ዕድሜያቸውን በሙሉ መዝገብ ቤት ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። ጓሮው የሚስታቸው ግዛት ነበር፤ እሳቸው ጋዜጣ ይዘው ይቀመጡበታል፣ ከዚያ በላይ አያውቁትም።

ማታ እትዬ ፋንታዬ ደወሉ።

«ራት በላህ?»

«በላሁ።»

«ምን በላህ?»

«ምግብ ነዋ።»

«እሱንማ ጠርጥሬያለሁ። ፖሙስ እንዴት ነው?»

አቶ ወንዳፈረው በመስኮት ወደ ጓሮው አዩ። የታመመች ሴት፣ ስፌቷ ያልደረቀ። እንዴት ብለው ይንገሯት?

«ለምለም ነው» አሉ።

«ለምለም?»

«ለምለም! እንዲያውም ከወትሮው ይበልጥ። ሥሩ ወንበር አውጥቶ መቀመጥ ነው።»

«ቅጠል አለው ማለት ነው?»

«ሞልቶታል አልኩሽ እኮ!»

«እሺ» አሉ እትዬ ፋንታዬ፣ ድምፃቸው ቀዝቅዞ። «በል ደህና እደር።»

አቶ ወንዳፈረው ስልኩን እንደያዙ ቀሩ። የምሥራች ነበር የነገሯቸው። ምን አስከፋቸው?

በማግስቱ ጠዋት የባሰ ነገር አዩ። በአጥሩ ላይ አሻግረው ወደ ሣራ ጓሮ ሲመለከቱ የሣራም ዛፍ ባዶውን ቆሟል።

እዚህ ላይ የባሰ ፈሩ። ምክንያቱም ያለፈው ዓመት ሀቢቾ አካባቢ ዘመድ ጥየቃ ሄደው የእንሰት አጠውልግ በሽታ የገባበትን ጓሮ አይተዋል። አንዱን እንሰት የያዘ በሽታ በቢላ፣ በእጅ፣ በእግር ጭምር ወደ ጎረቤት እየተሻገረ ሙሉ ጓሮ ሲያወድም፣ ባለቤቶቹ በአፍላ ዕድሜ ያለውን እንሰት ከሥሩ ነቅለው ሲቀብሩ፣ የሚቆርጡበትን ቢላ በእሳት ሲያቃጥሉ አይተዋል። ይሄም ያው ነው አሉ በልባቸው። በእኛ ጀምሮ ወደ ሣራ ተሻገረ። የሰው ዛፍ አስጨረስን።

ባለሙያ ጠርተው እንዳይጠይቁ፣ «ንቀሉት፣ ቅበሩት» እንዳይባሉ ፈሩ። ሣራን እንዳይጠይቁ፣ በምን ዓይናቸው ያዩዋታል? ምስኪን ልጅ፣ ችግኝ በሰጠች በሽታ ተመለሰላት። እንዲያውም የገረማቸው ሣራም ሆነች ባሏ ዘርአብሩክ አንድም ቃል አለመተንፈሳቸው ነው። ሲያገኟቸው ፈገግ ብለው፣ «ጋሼ፣ እትዬ እንዴት ሆኑ? እኛም እየጸለይንላቸው ነው» ይሏቸዋል። ይህን የመሰለ ጨዋነት! ሰው ዛፉ እየሞተበት እንዲህ ፈገግ ይላል? አቶ ወንዳፈረው ኀፍረቱን አልቻሉትም። ዘርአብሩክን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ይሻገሩ ጀመር። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ፊት ለፊት ሊገጥሙት ሲሉ የማያውቁት ሱቅ ውስጥ ገብተው የማይፈልጉትን ባትሪ ገዙ።

ሁለቱ ሴቶች የሚተላለፉባትን የአጥር ሽንቁርም በቆርቆሮ ዘጓት። በሽታው እንዳይመላለስ ነው። ጌሾውን ሲቆርጡ ቢላዋውን መጀመሪያ በእሳት ያሳልፉታል። የፖሙን ሥር የነካ ጫማቸውን ደጅ ያወልቃሉ። ለፖሙ ፍግ ጨመሩለት፣ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጡት። ዛፉ ዝም አላቸው።

እትዬ ፋንታዬም በየማታው፣ «አሁንም ቅጠል አለው?» ይላሉ። «አለው፣ አለው» ይላሉ እሳቸው፤ ባሉ ቁጥር ሚስታቸው ይበልጥ ይከፋሉ። አቶ ወንዳፈረው ነገሩ ውሉ ጠፋባቸው። ቅጠሉን እያበዙ በነገሯቸው ቁጥር ሴትየዋ እንደ መርዶ ይሰሙታል። መድኃኒቱ ይሆን እንዴ አእምሯቸውን የነካው? ማኅሌትን ለብቻዋ ጠርተው፣ «እናትሽ ነገር ታስተውላለች?» ብለው ጠየቋት።

«እሷማ ደህና ናት አባዬ» አለች ማኅሌት። «እሷ ደግሞ አንተን ነው ደህና ነው ወይ የምትለኝ።»

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ውሃ ሊያጠጡ ቀርበው መነጽራቸውን ሲያደርጉ፣ በየቅርንጫፉ ላይ እብጠት አዩ። ትንንሽ፣ አመድማ፣ ጠጉር ያለበት እብጠት። በየመገጣጠሚያው ተለጥፏል።

«ይኸው!» አሉ። «ይኸው ነው የበላው!»

ነፍሳት መሆኑን አልተጠራጠሩም። ተደብቆ፣ ቅርፊት ለብሶ የተኛ ተባይ። ለተባይ የሳሙና ውሃ ፍቱን ነው ሲባል በሬዲዮ ሰምተዋል። ባልዲ አመጡ፣ ሳሙና በጠበጡ፣ አመድ ጨመሩበት፤ ጨርቅና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያዙ። ከቤቱ በኩል ካለው ቅርንጫፍ ጀመሩ። እብጠቱ በቀላሉ አይለቅም፤ በጥፍራቸው ጭምር እየፈነቀሉ፣ እያንዳንዱን እንደ ሕፃን ጥርስ እየቦረሹ፣ ረፋዱን ሙሉ ለፉ። ከአንድ ወር ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም ነበር። ቢያንስ ጠላታቸውን አገኙት። የቤቱን ወገን ጨርሰው ወደ አጥሩ ወገን ሲዞሩ ቆርቆሮው ተንኳኳ።

«ጋሼ! ይሄን ማነው የዘጋው?»

ሣራ ናት። ቆርቆሮውን ገፍታ ጎንበስ ብላ ገባች።

«አትቅረቢ ልጄ!» አሉ አቶ ወንዳፈረው ብሩሹን ወደ ላይ አንሥተው። «ጫማሽን ይዞ ይሻገራል!»

«ምኑ?»

«በሽታው ነዋ!»

ሣራ ዛፉን አየች፣ ባልዲውን አየች፣ ብሩሹን አየች። «ጋሼ… ምን እያደረጉ ነው?»

«ይቅር በይን ልጄ። ከእኛ ነው የተነሣው፣ አውቃለሁ። እናንተ ጨዋ ሆናችሁ ዝም አላችሁ እንጂ…»

«ቆይ ቆይ» አለች ሣራ። «እኔ የመጣሁት ሌላ ነገር ጨንቆኝ ነው። እትዬ ዛሬ ደወሉልኝ። 'ሣራ ልጄ፣ ይሉኝታ ይዞኝ ነው እስካሁን ያልጠየቅሁሽ፤ ፖሙን ሳትነኪልኝ ቀረሽ አይደል? ምንም አይደለም፣ ሥራ በዝቶብሽ ነው' ይሉኛል። እኔ በእነዚህ እጆቼ ሸምጥጬው! 'አድርጌዋለሁ' ስል አላመኑኝም። 'ወንዳፈረው በየቀኑ ቅጠል አለው ይለኛል' አሉ። ጋሼ፣ የታለ ቅጠሉ?»

አቶ ወንዳፈረው ብሩሹን ዝቅ አደረጉ።

«አንቺ ነሽ የሸመጠጥሽው?»

«እኔ ነኝ! ፎንቆ የሄዱ ዕለት። እትዬ ለምነውኝ። ቅጠሉንም ለእንሰቴ ሥር ወሰድኩት። እሳቸው ነግረውዎታል ብዬ ነው እኮ።»

«እሷ አንቺ ትነግሪዋለሽ ብላ ይሆናል።» ራሳቸውን ያዙ። «ቆይ፣ ለምን? ደህና ዛፍ ለምን ትሸመጥጪዋለሽ?»

«እንዲያብብ ነዋ! አፕል የብርድ አገር ልጅ ነው ጋሼ። በአገሩ ብርድ ሲመጣ ራሱ ቅጠሉን ጥሎ ይተኛል፤ ሲነቃ ያብባል። እኛ ጋ ብርዱ ስለማይበቃው ዓመቱን ሙሉ ሳይተኛ ይከርማል። እናም እኛ ዶዮገና በእጃችን እንሸመጥጠዋለን። ብርዱ መጥቶ የሄደ ይመስለዋል። ሞኝ ነው፣ ያምናል።»

«የእናንተስ ዛፍ?»

«የእኛንም ሸምጥጬዋለሁ። አብረው እንዲያብቡ።»

አቶ ወንዳፈረው ባልዲው ውስጥ ተመለከቱ። ሳሙናው አረፋ ላይ አመድማ ነገሮች ይንሳፈፋሉ።

«ታዲያ…» አሉ፣ ድምፃቸው አልወጣ ብሎ፣ «ታዲያ ይሄ እብጠትስ?»

ሣራ ቀረብ ብላ አየችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

አቶ ወንዳፈረው መሬት ላይ፣ እዚያው ጭቃው ላይ፣ ቁጭ አሉ። አራት ዓመት የተጠበቀ አበባ በጥርስ ብሩሽ ነቅለዋል። ሣራ መጀመሪያ ልትስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ ተወችው። አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ፣ ግማሹ አለ እኮ። የእኛ አጥር በኩል ያለውን አልነኩትም።»

«ግማሹን ምን አድርጌ እነግራታለሁ?»

«እኔ ግን ውሸታም ሆኜ ልቅር?»

ይህን ስትል ቀና ብለው አዩዋት። ቀልድ አልነበረም። ልጅቱ ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። ይህን አላሰቡትም ነበር፤ ሚስታቸውን ላለማሳዘን በተናገሩት ነገር ሌላ ሰው ታምቶበታል። ስልካቸውን አወጡና እዚያው ጭቃው ላይ እንደተቀመጡ ደወሉ።

«ፋንቱ፣ ቅጠል የለውም» አሉ ሰላምታም ሳይሰጡ። «ስነግርሽም አልነበረውም። ሣራ እንዳልሽው አድርጋለች። ሞተ ብዬ ነው የዋሸሁሽ።»

«የለውም?» አሉ እትዬ ፋንታዬ፤ ድምፃቸው እንደ ልጅ ብሩህ ሆነ። «ምን ያህል ሆነው? አጎጠጎጠ?»

«አጎጥጉጦ ነበር።»

«ነበር ማለት?»

ነገሯቸው። ባልዲውን፣ አመዱን፣ ብሩሹን፣ ሁሉን። ሣራ ጆሮዋን አስጠግታ ትሰማለች።

«የትኛውን ወገን?» አሉ እትዬ ፋንታዬ።

«የቤቱን ወገን።»

«ከአልጋዬ ሆኜ በመስኮት የማየውን?»

«እሱን።»

«አይ አንተ ሰውዬ» አሉ። ሣራን አቅርብልኝ ብለው ይቅርታ ጠየቋት፤ ልጅቱም «ኧረ እትዬ፣ ኧረ እትዬ» እያለች አለቀሰች።

እትዬ ፋንታዬ የመጡት አበባው ፈክቶ እያለ ነው። ከስተዋል፤ ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው ነው የሚራመዱት። ቤት ሳይገቡ ወደ ጓሮ አለፉ። ከቤቱ በኩል ዛፉ ያው ጭራሮ ነው፤ ከወዲያ ግን ሮዝ ጭረት ያለበት ነጭ አበባ አጥሩ ላይ ተንዠርጎ የሣራን ጓሮ ሞልቶታል። እትዬ ፋንታዬ ባዶውን ወገን አንድ ጊዜ አዩት። ባላቸውን አላዩም። ከዚያ ቆርቆሮው በተነሣላት ሽንቁር በቀስታ አጎንብሰው ወደ ጎረቤት ገቡ።

ዘርአብሩክ ወንበር አወጣላቸው። አቶ ወንዳፈረው ከጭራሮው በኩል ብቻቸውን ቀሩ። የሰዎቹን ጨዋታ ይሰማሉ፣ የሚስታቸውን ነጠላ ጫፍ በቅርንጫፍ መሀል ያያሉ። መሄድ አለባቸው ወይስ የለባቸውም? ተቆጥታለች ወይስ አልተቆጣችም? መለየት አልቻሉም።

«እዚያ ቆመህ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ድምፅ መጣ ከአበባው ማዶ።

«ምንም።»

«ዞረህ ና እንጂ!»

በዋናው በር ለመዞር ትዕግሥት አልነበራቸውም። ያቺን የሴቶቹን ሽንቁር ኮታቸውን እያስያዙ፣ ባርኔጣቸውን እያስወደቁ ተጣብቀው ወጡ። ዘርአብሩክ እጃቸውን ይዞ ጎተታቸው። «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ» አለ፤ «ዛሬ ባትሪ የሚገዙበት ሱቅ የለም።»

ሚስታቸው አጠገብ ቁጭ አሉ። ንቦች ይጮኻሉ። ትንሽ ነፋስ መጣና ነጫጭ የአበባ ቅጠሎች እየተንሳፈፉ እትዬ ፋንታዬ ጭን ላይ ወረዱ። አቶ ወንዳፈረው ብድግ አሉ።

«ፋንቱ! ይሄስ? መርገፍ ጀመረ እኮ!»

ሰውየው ከልባቸው ነበር የደነገጡት። እትዬ ፋንታዬ ግን ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቁ፤ ሣራ ሳቀች፣ ዘርአብሩክም።

«አታስቀኝ፣ ቁስሌ ገና ነው!» አሉ እትዬ ፋንታዬ እንባቸው እየወረደ።

አቶ ወንዳፈረው አንድ በአንድ አዩዋቸው። ቀልድ መናገራቸውን አላወቁም። ሚስታቸው የኮታቸውን ጫፍ ይዘው ወደ ወንበሩ ጎተቷቸው።

«ይርገፍ» አሉ። «አትንካው ብቻ። ተቀመጥ።»