ከበሩ ኋላ የተሰቀለው ሹራብ

ከብረት ማቅለጫ ምድጃ የሚወጣውን አቧራ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይሸሸዋል። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያቦካው ኖሯል። ከከሰል ዱቄትና ከውሃ ጋር አሽቶ ያድቦለቡለዋል፤ ድቡልቡሉ በሌላ ምድጃ ሲግል ውስጡ ያለው ዚንክ ተንኖ ይወጣና ነጭ ዱቄት ሆኖ በከረጢት ይያዛል። ለምድጃ መድረሱን የሚያውቀው ከወገቡ ከፍታ መሬት ላይ ጥሎት ነው፤ ካልፈረሰ ደርሷል። ባልደረቦቹ «ድቡልቡል» ይሉታል። ሰውየው ራሱ እንጨት የመሰለ ከሲታ ነው፤ ስም ሲያወጡለት ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር መሰለኝ።

ታዲያ ያ አቧራ ዚንክ ብቻ ቢኖረው ምን ነበረበት! እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረትም አለበት። ደንቡ ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ ወደ ቤት መሄድ ነው። እሱ ሞኙ ግን የሥራ ጋዋኑን እንደለበሰ ይገባ ነበር። ሚስቱ በር ላይ ተቀብላ ጋዋኑን እያራገፈች «ዛሬም ፋብሪካውን ይዘኸው መጣህ?» ትለዋለች፤ ይህችን ለመስማት ሲል መታጠቢያ ቤቱን እያለፈው ይመጣል።

ሚስቱ በልብ ሕመም ሞተች፤ ልማዱ ግን አልለቀቀውም። ከዚያ የልጅ ልጁ ደም ተመርምሮ እርሳስ ተገኘበት። ሴት ልጁ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ቤቱ ንጹህ ነው የሚል የላብራቶሪ ወረቀት ሳላይ ልጄን ይዤ አልመጣም አለችው፤ ስልኩንም ዘጋች። እውነቷን ነው፣ ማን ይፈርድባታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ እየገባ ስምንት ወር ቤቱን ሲፈትግ ከረመ። ምንጣፉን ጣለ፣ ግድግዳውን ቀባ። የሚያናግረው ሰው ቢያጣ ከመጥረጊያው ጋር ይጨቃጨቅ ጀመር። በየወሩ የየክፍሉን ጥራጊ ለየብቻ በፌስታል ቋጥሮ ለፋብሪካው የላብራቶሪ መርማሪ ይወስድላታል። የሰው ቤት ጥራጊ መመርመር ሥራዋ አይደለም፤ ፊቱን እያየች እንቢ ማለት ግን አቃታት።

በስምንተኛው ወር ሁሉም ንጹህ ሆነ፤ አንድ ፌስታል ብቻ ቀረ፣ ከበሩ ኋላ የተጠረገው።

«እዚያ ምን ሰቅለዋል?» አለችው።

የሚስቱ ሹራብ ነው። ጋዋኑን የምታራግፈው እሱን ለብሳ ነበር። ከሞተች ወዲህ ውሃ አልነካውም፤ ከሥራ ሲገባ ፊቱን ይቀብርበታል፣ ጠረኗ አለበታ። ወይ ያውጡት፣ ወይ ሦስቴ ይጠቡት አለችው መርማሪዋ። እውነቱን ለመናገር፣ ሹራቡን ጎረቤት ዘንድ ደብቆ ወረቀቱን መቀበል አማረው። ኋላ ግን ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ የምትወስደው የልጅ ልጁ ትዝ አለችው።

ሹራቡን ፋብሪካ ወስዶ የሥራ ልብስ በሚታጠብበት ገንዳ ሦስት ጊዜ አጠበው። የዚያ ገንዳ ዝቃጭ አይደፋም፤ ደርቆ ከአቧራው ጋር ይቦካል። እዚያ ግቢ የሚባክን ነገር የለም። በሳምንቱ ዝቃጩን ያቦካው እሱ ራሱ ነው። ድቡልቡሉን እንደ ወትሮው ሊጥለው እጁን ዘረጋ፤ አልሆነለትም። ጎንበስ ብሎ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ሹራቡ ደርቆ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ንጹህ የሚለው ወረቀት በደረሳት በሦስተኛው ቀን ሴት ልጁ መጣች። ሕፃኗን እሱ እቅፍ ውስጥ አስቀምጣ በቀጥታ ወደ በሩ ኋላ ሄደች። ፊቷን ሹራቡ ውስጥ ቀብራ ብዙ ቆየች።

«አባዬ፣ አጠብከው?»

«አጠብኩት።»

«ሕፃኗን ትቼ ብቻዬን እንኳ ያልመጣሁት የእማዬን ጠረን ማሽተት ፈርቼ ነበር እኮ።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ጠረኗ የናፈቀው እሱን ብቻ መስሎት ነበር። የሕፃኗን ፀጉር ይደባብስ ጀመር።

ሸኝቷቸው ተመለሰ። በሩን ዘጋ፣ እንደ ልማዱም ፊቱን ሹራቡ ውስጥ ከተተ። ሳሙና ሳሙና ይላል። ልጁ ፊቷን የቀበረችበት ቦታ ግን ገና አልደረቀም ነበር።