የአልጣሽ በሶ ዋጋ

አልጣሽ ባሏ የሞተባት ወገዳ በሚባል ቦታ ሲኖሩ ነው። ወንድሞቹ መሬቱን ሲካፈሉት ሙቀጫዋን በመኪና አስጭና ንፋስ መውጫ ከተማ ገባች፤ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታም በሶ መሸጥ ጀመረች። ተማሪውም መንገደኛውም በሶዋን ወደደው። በገበያ ቀን ገና ሳይረፍድ ያልቅባታል። ሆኖም ክረምት በገባ ቁጥር ገብስ መግዣ ታጣለች።

«የሰው ዓይን ነው» አለች ለራሷ። ጥርጣሬዋም አጠገቧ ሽሮ በምትሸጠው በፍቅርተ ላይ ወደቀ። ሰላምታ ነሳቻት። ፍቅርተ ጥቂት ጊዜ ልታናግራት ሞክራ ተወቻት። ከዚያ ወዲህ አልጣሽ ከገዢ በቀር ሰው ሳታናግር ውላ ታድር ጀመር።

ሐምሌ ላይ ብድር ልትጠይቅ ወደ ብድርና ቁጠባ ተቋም ሄደች።

«ማስያዣ ከሌለዎት ከአራት ሴቶች ጋር ሆነው ይምጡ፤ አንዷ ለሌላዋ ዋስ ትሆናለች» አላት ወጣቱ ሠራተኛ።

«እኔ ብቻዬን ነኝ።»

«ጎረቤትም የለዎት?»

ተነሥታ ወጣች። በዝናቡ እየሄደች ዋስ የሚሆናት ሰው በሐሳቧ ፈለገች፤ ከፍቅርተ ሌላ የማንም ስም አልመጣላትም።

ፍቅርተ በሩን ከፍታ በርጩማ አቀረበችላት። ጉዳዩን ስትሰማ፣ «የእኛ የብድር ቡድን ሞልቷል» አለች። «ግን የበሶሽን ዋጋ በምን ቆረጥሽው?»

«በገብሱ ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምሬ ነዋ።»

«ሲቆላና ሲሸከሸክ የሚጎድለውስ? ማገዶው፣ ወፍጮው፣ የቤት ኪራዩ?»

«እሱንስ አልቆጠርኩትም።»

«ቁጠባ ስንጀምር ያስተማሩን ይህንን ነው። ልነግርሽ ስል ፊትሽን አዞርሽብኝ።»

ተቀምጠው አሰሉት። አልጣሽ ብዙ በሸጠች ቁጥር ብዙ ስትከስር ኖራለች።

በሚቀጥለው ገበያ ዋጋ ጨመረች። ገዢው አጉረመረመ፤ ብዙዎቹ ትተዋት ሄዱ። እስኪመሽ በሶዋን ይዛ የተቀመጠችበት ቀን ጥቂት አልነበረም። ጥቅምት ላይ ደግሞ ፍቅርተ ልጇ ዘንድ ልትኖር ደብረ ታቦር ሄደች፤ ስትሄድ በቡድኑ ውስጥ የነበራትን ቦታ ለአልጣሽ ለቀቀችላት። የቀሩት አራቱ ሴቶች በቅጡ አያውቋትም፤ በፍቅርተ ቃል ብቻ ዋስ ሆኑላት።

ጥር ላይ፣ ገብስ ገና ርካሽ ሳለ፣ አልጣሽ በተበደረችው ገንዘብ ለክረምት የሚበቃትን ገዛች። ጆንያዎቹ ክፍሏን ሞልተው መተኛዋ ብቻ ቀራት። ይህን ለአንድ ሰው መንገር አማራትና ለፍቅርተ ደወለች። ኔትወርክ የለም። ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ ስልኩን አስቀምጣ አንዱን ጆንያ ፈታች፤ ገብሱንም ታበጥር ጀመር።