የኮሶ ቀን

ታዘበው ከሞጣ ገበያ በገባ ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ተቅማጥና ትውከት አጣደፈው። ሚስቱ ባንቺዓለም የበሽታውን ስም ታውቀዋለች። በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በዚያ በጥር ወር፣ የማያውቀው ሰው አልነበረም፤ ግን «ያ ነገር» ይባላል፣ ይታለፋል።

«ቢቸና ከተከሉት የበሽተኞች ድንኳን እንዳታስገቢኝ» አላት ታዘበው። «የገባ አይወጣም አሉ። ሲሞቱም ያለ ፍትሐት፣ ኖራ ነስንሰው ነው የሚቀብሩ። እኔ ከአባቴ ጎን ጊዮርጊስ ነው የምቀበር።»

«ማን ልቅበርህ አለህ? ተኛ» አለችው። ሞጣ ደርሶ የመጣ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚያወራው፤ ድንኳኑን በዓይኑ ያየ ግን አንድም የለም። ወሬ መቼ ዓይን ያሻዋል!

ረፋዱ ላይ የጤና ጣቢያው ድሬሰር አካለ ወልድ በበቅሎ ከተፍ አለ። ከቢቸና ተልኮ ቤት ለቤት በሽተኛ የሚፈልግ እሱ ነው። ባንቺዓለም ወጥታ በሩን በጀርባዋ ገጠመችና ያልተዘጋጀችበት ነገር ከአፏ አመለጠ።

«ኮሶ ጠጥቶ ተኝቷል።»

ኮሶ ከጠጣ ሰው ቤት ማንም አይገባም። ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰው ይውላል፤ እንኳን እንግዳ፣ የነፍስ አባትም ቢሆን ከደጅ ይመለሳል። አካለ ወልድ ድሬሰር ይሁን እንጂ የዚሁ የእነማይ አገር ልጅ ነው፤ ይህን ወግ ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው።

«እዚህም?» አለ። ጥቂት ቆሞ በሩን አየና ልጓሙን ሳብ አደረገ። «እታለም፣ ምናልባት ሌላ ነገር ከሆነ በጊዜ አምጡት። በደም ሥር የምንሰጠው ውሃ አለ። ቶሎ የመጣ ይድናል፤ የዘገየውን ግን እኛም አንችለውም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ሸኘችው። ውሸቱ እንዴት እንደቀናት ገርሟት ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል የሰማች ሴት፣ በዚያች ሰዓት የሰማችውን ሁሉ ረሳች።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ እንቢ አላት። ትገባለች፣ ትወጣለች። ውሃ ታቀርባለች፣ ይመልሰዋል። ወደ መንገዱ ታያለች፣ ደግሞ ትገባለች። እኩለ ቀን ላይ የታዘበው ዓይን ሰረጎደ፣ ጣቶቹ ተጨማደዱ፣ ድምፁም ጠፋ። ያን ጊዜ ፍትሐቱም ኖራውም ከልቧ ወጣ። ብቻ ይኑርላት። ቃሬዛውን ከጓሮ ጎትታ አወጣችና አራት ወንድ ፍለጋ ሮጠች።

መጀመሪያ የሄደችው ከጎረቤቷ ከፋንታ ዘንድ ነው። ሚስቱ ማናለሽ ወጣችና በሩን በጀርባዋ ገጠመች።

«ፋንታን ጥሪልኝ፣ እኅቴ።»

«ኮሶ ጠጥቶ ተኝቷል» አለች ማናለሽ።

ባንቺዓለም አየቻት። የማናለሽ አቋቋም ረፋዱ ላይ የራሷ የነበረው አቋቋም ነው። አጥሩ ላይ ገና ያልደረቀ አንሶላ ተሰጥቷል። «እዚህም?» ያለው አካለ ወልድ ትዝ አላት።

«የኔ ባል ኮሶ አልጠጣም፣ ማናለሽ» አለች። «ያ ነገር ነው። ዋሽቼ ነው።»

ማናለሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ከዚያ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ባንቺዓለም በየደጁ እየዞረች ይህንኑ ተናገረች። የራሷን ጨምሮ አራት ቤት፣ አራቱም ኮሶ ነበር። ወንዶቹ ከአልጋ አይነሡም፤ የወጡት ሴቶቹ ናቸው። «የባሰበት ይቅደም» አሉና የየቤታቸውን በሽተኛ ለልጆቻቸው ትተው ቃሬዛውን አነሡ። ሴት ቃሬዛ ስትሸከም አገሩ አይቶ አያውቅም፤ ያን ቀን አየ።

ወንዙን ተሻግረው ወደ ቢቸና የሚወስደውን ዳገት ሲጀምሩ አካለ ወልድ ከላይ ሲመጣ አገኙት። ከበቅሎው ወርዶ የታዘበውን እጅ ያዘ። ብዙ ቆየ። ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ ጋቢው ውስጥ መለሰው። ባንቺዓለም ማንም ሳይነግራት ገባት።

«ወንዶቹስ የት ሄዱ?» አለ፣ አራቱን ሴቶች እያየ።

ሦስቱ አቀረቀሩ። የመለሰችለት ባንቺዓለም ናት።

«እንደሱ ኮሶ ጠጥተዋል። ፍጠንላቸው፣ ወንድሜ።»

በቅሎውን ጋለበ። ማናለሽና ሁለቱ ሴቶች ቃሬዛውን ከመንገድ ዳር አሳርፈው ተከትለውት ሮጡ፤ ሂዱ ያለቻቸው እሷ ናት። ታዘበው እንደተመኘው ከአባቱ ጎን ጊዮርጊስ ሊቀበር ነው። ባንቺዓለም ከራስጌው ተቀምጣ ወንድ እስኪመጣ ጠበቀች።