የየሺእመቤት ዋንጫ

"በዚህማ እኔ ነኝ የምጠጣበት!" አለች ወለተ ሐና፣ ከሞጣ ለልቅሶ የመጣችው የሟች እህት፣ አረንጓዴውን ዋንጫ ከመደርደሪያው አንስታ። "እህቴ ከዚህ ሌላ መቼ ይዛ ታውቃለች!"

የየሺእመቤት ሰልስት ነው። ቢቸና ያለው ቤቷ በለቀስተኛ ጢም ብሏል። ትናንት ልጇን መክሊትን "ጭቃ ያሳበዳት" ሲሉ የነበሩ ሴቶች፣ ዛሬ የሚያብረቀርቁ ዋንጫዎቿን እያገላበጡ ይሻማሉ። ጉድ እኮ ነው! ልቅሶ ቤትም ገበያ ሆነ።

የሺእመቤት ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ምላሷ ግን ለልጇም አይራራም። መክሊት አንገተ ረጅም ማሰሮ፣ እግር ያለው ዋንጫ ስትሞክር፣ በአመድና በተፈጨ ጠርሙስ ስትቀባ፣ ሁሉም እየተሰነጠቀ ሲወጣባት፣ "የኔ ልጅ ገል ነው የምትወልደው" እያለች በገበያ መሀል አዋርዳታለች። አንድ ቀን ግን ቅቡ ያዘ። እናት ዋንጫውን በጥፍሯ መታ አደረገችና ድምፁን አዳመጠች። "እሺ" አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ወዲህ ጠላዋን በሌላ ጠጥታ አታውቅም። መክሊት ያን ቀን ከጓሮ ሄዳ በደስታ አልቅሳለች።

ጎረቤት ተከራይቶ የሚኖረው ነርስ ስጦታው መክሊትን ከለቀስተኛው መሀል ወደ ደጅ ጠራት።

"ይሄን የሚያብረቀርቀውን በምን ሠራሽው?"

"በመኪና ባትሪ" አለች፣ ኮራ ብላ። "ከሞጣ ጋራዥ የተጣለ ለምኜ፣ እርሳሱን አቅልጬ፣ አመዱን ፈጭቼ እቀባዋለሁ።"

ስጦታው ፊቱ ተለወጠ። "እናትሽ ሆዷን ይቆርጣት ነበር? እጇስ ይዝል ነበር?"

"ክረምቱን ሙሉ። ምነው?"

"መክሊት፣ እርሳስ መርዝ ነው። ጠላው ኮምጣጣ ስለሆነ ከዋንጫው ያወጣዋል። ሳትመረመር ስለሞተች እርግጠኛ ነኝ አልልሽም። ግን ከእንግዲህ ማንም አይጠጣበት።"

መክሊት ወደ በሩ ዞረች። ዝም ብትል አክስቷ ልትጠጣ ነው። ብትናገር ደግሞ፣ ድሮም ሸክላ ሠሪን ቡዳ እያለ የኖረ አገር ነው፤ የእሷ ብቻ ሳይሆን የሠፈሩ ሸክላ ሠሪ ሁሉ እንጀራ ይዘጋል።

ስትገባ ወለተ ሐና ዋንጫውን ወደ አፏ አስጠግታለች።

"እትዬ፣ እንዳይጠጡ! መርዝ አለበት። እማዬን የገደላት ይሄ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ።"



"ድሮም!" አለች አንዷ ከጥግ።

ወለተ ሐና ጠላውን መክሊት ፊት ላይ ደፋችውና ዋንጫውን ወረወረችው። "እህቴን በላሻት!"

ሴቶቹ የተሻሙባቸውን ዋንጫዎች መሬት ላይ እያስቀመጡ፣ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወጡ። እግዜር ያጥናሽ ያላት የለም።

መክሊት ጎንበስ ብላ ዋንጫውን አነሳች። አልተሰበረም። በአፉ በአንድ በኩል ብቻ ቅቡ አልቆ ቀዩ ሸክላ ወጥቷል፤ እናቷ ሁልጊዜ የምትጠጣው በዚያ በኩል ነበር።

"ስጪኝ፣ ልጣለው" አለ ስጦታው እጁን ዘርግቶ።

ጠላው ከአገጯ እየተንጠባጠበ፣ አውራ ጣቷን ቅቡ ያለቀበት ቦታ ላይ አሳረፈች። አልሰጠችውም።