መከታና የሚካኤል ቄጤማ

እኔ ምሥራቅ ቢሻው ቆሻሻ አልወድም። ይህን እንጅባራ ውስጥ የማያውቅ ሰው ካለ ፀጉሩን ሌላ ቤት የሚሠራ ነው። ፀጉር ቤቴ የሚመጣ ሁሉ ጫማውን ጠርጎ ይገባል፤ መኖሪያ ቤቴማ የሚገባው አውልቆ ነው። ባለቤቴ እንየው «አንቺ ብትችዪ ዝናቡንም አጥበሽ ነበር የምታዘንቢው» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እሱ ካልሲውን የት እንዳወለቀ እንኳ አያውቅም።

እንግዲህ እንዲህ ያለሁት ሴት፣ አንድ ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ፣ አንድ ትልቅ ቡላ ውሻ በገዛ ሳሎኔ የሶፋዬ እግር ላይ እግሩን አንሥቶ ሲሸና አየሁ። ጮኽኩ። እሱ ግን ጀመርኩ ብሎ ነው መሰለኝ ሳይጨርስ ንቅንቅ አላለም።

መከታ ይባላል፤ የአባቴ ውሻ ነው። አባቴ እናቴ ካረፈች ወዲህ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ባለው ቀያቸው ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ነይ ወይም ልምጣ አይሉም፤ ደህና ነኝ ብቻ ነው። ክረምት ላይ ጭቃ አዳልጧቸው ከጎተራው ሥር ወደቁና መነሣት አቃታቸው። ዝናብ ሲወርድባቸው ቆይቶ ሰው የደረሰላቸው፣ መከታ ከደጅ ደጅ እየሮጠ፣ በየሰው በር ላይ እየጮኸ መንደሩን ስላስቸገረ ነው። ይህን በስልክ እንደሰማሁ የምሠራትን ሴት ፀጉሯ ግማሹ እንደተፈታ ለረዳቴ ትቼ ሄድኩ።

«አባባ፣ ከእንግዲህ ብቻዎን አይኖሩም» አልኳቸው።

ብዙ አልተከራከሩም። ወደ ደጅ ተመለከቱና «እሱ ከመጣ እመጣለሁ» አሉ።

መጡ። አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው ከሚኒባሱ ሹፌር ጎን፣ መከታ ደግሞ ከኋላ ከድንች ጆንያ ጋር። ውሻ ደጅ አያድርም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ያሰብኩት እንደዚያው ነበር። ግን ሰፈራችን ከከተማው ጫፍ ነው፤ ከአጥራችን ጀርባ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ደን አለ፣ ደኑ ውስጥ ደግሞ ጅብ አለ። አምና የጎረቤታችንን ውሻ ከነሰንሰለቱ ነው የወሰደው። እንየው አፉን አያርፍምና ይህን ለአባቴ ነገራቸው። አባቴ የተቀመጡበትን ወንበር ገፍተው ተነሡ። በመጡበት እግራቸው ሊመለሱ ሲሉ ነው፣ እኔ ራሴ፣ በገዛ አፌ፣ «ቤት ይግባ» ያልኩት።

አባቴ ማታውኑ ጠርተው አስቀመጡኝ። «ልጄ፣ ለአንቺ ሸክም ልሆን አልመጣሁም። ይህ ውሻ ሰው ፊት ያዋረደሽ ቀን፣ ይዤው እሄዳለሁ። እንዳታለቅሺብኝ፣ እንዳትለምኚኝ» አሉኝ። ልብሳቸውን ያመጡበትን ማዳበሪያም አፉን እንደታሰረ ከክፍላቸው በር ሥር አኖሩት። አንድ ጋቢና አንድ ሸሚዝ ብቻ አውጥተው ይለዋውጣሉ፤ ከዚያ መልሰው ያስሩታል። ቁም ሳጥን ባዶ አድርጌ ሰጥቻቸው ነበር። በየጠዋቱ ያንን የታሰረ ማዳበሪያ ባየሁ ቁጥር ከጎተራው ሥር ወድቀው ይታዩኛል።

መከታ ግን ይህ ሁሉ ጉዳዩ አልነበረም። ከሶፋው ቀጥሎ ወደ ቡፌው ሄደ። ከቡፌው ወደ መጋረጃው። የእንየውን የትምህርት ቤት ቦርሳ እንኳ አልማረም፤ ተማሪዎቹ ፈተናቸውን ሲቀበሉ ምን እንዳሉ እግዚአብሔር ይወቅ። እኔ በበረኪና ሳጥብ፣ እሱ የታጠበውን ያሸትና ሥራዬን የናቀ ይመስል እዚያው ይደግመኛል። በመጥረጊያ አባረርኩት። ከአባቴ አልጋ ሥር ገባና ቀኑን ሙሉ አልወጣም። አባቴም ምሳ አልበላም አሉ። ሁለቱም አኮረፉኝ፤ በገዛ ቤቴ ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ።

እንየው ባዮሎጂ ያስተምራል። ኔትወርክ ሲመለስ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ቆየና «ዱላ አይሠራም። ከበላና ከእንቅልፉ ከተነሣ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ቦታ መውሰድ ነው። እዚያ ሲሸና መሸለም» አለኝ።

«ለሽንት ሽልማት?»

«ትንሽ ዳቦ። ከዚያ እያጨበጨብሽ ማመስገን።»

«ለምን አንተ አታጨበጭብለትም?»

ሞከረ፤ አልሆነለትም። እንየው የቡሬ ልጅ ነው፤ አዊኛው ከሰላምታ አያልፍም። መከታ ደግሞ ከአባቴ አዊኛ በቀር ሌላ ቋንቋ ሰምቶ አያውቅም። እንየው «ና!» ሲለው ዘወር ብሎ ይተኛል። ስለዚህ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ።

ግቢያችን ጠጠርና ሲሚንቶ ነው። ሳር ያለው ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ከቧንቧው ሥር ብቻ ነው። መከታን በአባቴ አዊኛ እያባበልኩ እዚያ እወስደዋለሁ። ያሸታል፤ ይዞራል፤ ያስባል። ብርዱ እስከ አጥንቴ እየገባ እጠብቀዋለሁ። በመጨረሻ እግሩን ሲያነሣ «ጎበዝ!» እልና አጨበጭባለሁ፤ ቁራሽ ዳቦ እሰጠዋለሁ። ጎበዝ የምትለዋ መከታ ያወቃት የመጀመሪያዋ የአማርኛ ቃል ናት። አንድ ጠዋት ፎጣ ተከናንቤ እያጨበጨብኩ ቀና ብል፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ድንጋይ ላይ ቆማ ከአጥሩ በላይ እያየችኝ ነው።

«ምሥራቅ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ እቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሸንቶልኝ ነው።»

ወይዘሮ ፍቅርአዲስ የሚካኤል ማኅበራችን አንጋፋ ናት። ውሻ ቤት ገባ ሲባል ፊቷን ያዞረች፣ «ጠበል በሚረጭበት ቤት!» ብላ ለሰው ሁሉ የተናገረች እሷ ናት። ያን ቀንም አማተበችና ወረደች።

ነገር ግን መከታ ተማረ! ጥቅምት ሳይጋመስ ቤቴ ደረቅ ሆነ። ሽንቱ ሲመጣ የአባቴን ክፍል በር ከውስጥ ይቧጭራል፤ የሰማ ሰው ቶሎ ይከፍትለታል፤ እሱ ሳሎኑን አቋርጦ በቀጥታ ወደ ሳሩ ይሮጣል። ጠጠር ላይ አይሸናም፤ ሲሚንቶ ላይ አይሸናም፤ ሳር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ፀጉር ቤት ደንበኞቼን በዚህ ወሬ አሰለቸኋቸው። አባቴም መከታ ሲመለስ ፂማቸውን እያሻሹ ፈገግ ማለት ጀመሩ። ማዳበሪያው ግን እንደታሰረ ነው።

የኅዳር ሚካኤል ደረሰ። የማኅበሩ ተራ የእኔ ነበር። በማኅበር ወግ ጽዋውን ካለፈው ደጋሽ የተቀበለ ሰው፣ በወሩ በቤቱ ይደግሳል፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ሰውም ጠላዬን ሊጠጣ ሳይሆን ውሻዬን ሊያይ እንደሚመጣ አውቄያለሁ። ዳቦው ተደፋ፣ ጠላው ተጠመቀ፣ ግድግዳው ሳይቀር ታጠበ። በመጨረሻም ከገበያ ያመጣሁትን ለምለም ቄጤማ ከሳሎኑ ጥግ እስከ ጥግ ጎዘጎዝኩት። ቤቴ ጤዛ ጤዛ ሸተተ። በር ላይ ቆሜ አየሁትና ኮራሁ። ምን እንደሠራሁ ግን ሽው አላለኝም። ሕይወታችንን ሙሉ በዓል በመጣ ቁጥር የምንጎዘጉዘው ነገር ነው፤ ማን ያስባል?

መከታን ከአባቴ ክፍል ዘጋንበት። በሥራ ተጠምደን ከጠዋት ጀምሮ ያወጣው ሰው አለመኖሩንም ማናችንም አላስተዋልንም።

ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ገባ። የማኅበሩ ካህን ቄስ ይኸነው ከላይ ተቀመጡ፤ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ከጎናቸው፣ ነጭ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ዓይኗ የሶፋዬን እግር እየመረመረ። አባቴ ከክፍላቸው በር አጠገብ ተቀመጡ። ቄስ ይኸነው ለጸሎት ከመነሣታቸው በፊት ስለ አባቴ ጤና ይጠይቃሉ።

ያን ጊዜ በሩ ተቧጨረ።

እንየው አላሰበበትም። እጁ ለምዶታል፤ ሄዶ ከፈተው። መከታ እንደ ልማዱ ወደ ውጭ ሊሮጥ ብቅ አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ቁልቁል አየ። አሸተተ። ሳር! ቤቱ ሙሉ ሳር! መቼም እንዲህ ያለ ደስታ በውሻ ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። በሳሎኑ መካከል ራመድ ራመድ ብሎ፣ ከወይዘሮ ፍቅርአዲስ እግር አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ እግሩን አነሣ።

ከጠዋት ጀምሮ የያዘውን ነው። አያልቅም። ድምፁ ከጥግ እስከ ጥግ ይሰማል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ጨረሰና፣ ጭራውን እየቆላ መጥቶ፣ እፊቴ ቁጢጥ አለ። ዳቦውን ይጠብቃል።

እኔም፣ አፌ ከእኔ ሳይመክር፣ «ጎበዝ!» አልኩት።

አባቴ ተነሡ። ዱላቸውን ያዙ፤ ማዳበሪያውን ከበሩ ሥር አነሡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ይቅርታ አድርጉልን» አሉ ለእንግዳው ሁሉ። «ሚኒባስ ሳያልቅ ልሂድ። ነግሬሽ ነበር፣ ልጄ።»

«አይሄዱም!» ብዬ ጮኽኩ። ሰው ሁሉ ደነገጠ፤ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። «የት ነው የሚሄዱት? ማን አለ እዚያ? እሱ ምን አጠፋ? ሳር ላይ ሽና ብዬ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ፣ እያጨበጨብኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ! ሳሩን አምጥቼ ሳሎን የጎዘጎዝኩትም እኔ ነኝ! እሱ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። የተዋረደ ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አላፈርኩም!» ዋሽቻለሁ፤ ጆሮዬ ድረስ ቀልቼ ነበር። «እርስዎ ከሄዱ ግን ምን አባቴ እሆናለሁ?»

መከታ አሁንም ዳቦውን ይጠብቃል።

ቄስ ይኸነው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያዘኑ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ መስቀላቸውን በደረታቸው ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ደጁን ቤት ያስገባነው እኛ! እሱ ምን ያድርግ?» አሉ። አንዱ ሲስቅ ሌላው ተከተለ። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ከንፈሯን ነክሳ ብዙ ታገለች፤ በመጨረሻ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየተርገፈገፈች «ሸንቶልኝ ነው ያልሽኝ ለካ ይሄንን ኖሯል!» አለች።

ከዚያ የሆነውን ባላይ አላምንም ነበር። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ እጅጌዋን ሰብስባ ተነሣችና ቄጤማውን ማፈስ ጀመረች። ሴቱም ወንዱም ተነሣ፤ ወንበር የሚያነሣው ሲያነሣ፣ ሌላው ሲጠርግ፣ እኔ ሳጥብ፣ ቤቱ ባዶ ሲሚንቶ ሆነ። ቄጤማውን ከማድ ቤቱ ጀርባ ደፋነው። መከታ ተከትሎን ሄዶ እዚያም ላይ ጨመረበት፤ ይሄን ጊዜ ማኅበርተኛው በሙሉ አጨበጨበለት። ቄስ ይኸነው ቤቱን ጠበል ረጩ፤ ጸሎት ተደረገ፤ ዳቦው ተቆረሰ። አባቴ ማዳበሪያውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ እንግዳ ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጠው ነበር። አልበሉም ማለት ይቻላል። እኔም አልበላሁም፤ ዓይኔ ማዳበሪያው ላይ ነው።

ጽዋውን የማስረከቢያው ሰዓት ደረሰ። ቄስ ይኸነው ጽዋውን አንሥተው «የታኅሣሥ ባለተራ ማን ነው?» አሉ። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ነጠላዋን አስተካክላ ልትነሣ ስትል አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ብቀበለውስ?»

ጽዋ የተቀበለ ሰው በወሩ በቤቱ ይገኛል፤ ጽዋ ተቀብሎ አገር ጥሎ የሚሄድ የለም። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

«የት ቤት ሊደግሱ ነው፣ አባቴ?» አሉ ቄስ ይኸነው።

«እዚሁ» አሉ አባቴ። «በልጄ ቤት። ማለቴ፣ በቤቴ።»

ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ቁጭ አለች። «ተራዬን ለቅቄያለሁ። ሚካኤል ያድርስዎ» አለች።

አባቴ ጭናቸው ላይ ያለውን ማዳበሪያ መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው ጠብቆ ነበር፤ ላግዝዎ ብል ክንዴን ገፋ አደረጉት። ከሥሩ አንድ የታጠፈ ነጠላ አወጡ። ጥለቱን ሳየው አወቅሁት፤ የእናቴ ነው። ጽዋውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው በእሱ ጠቀለሉት። እልልታዬ ከልቅሶዬ ጋር ተደባልቆ ወጣ፤ መከታም ከደጅ ጩኸቱን ለቀቀው።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ አባቴ፣ ጽዋውን ደረታቸው ላይ እንዳስጠጉ። «ታኅሣሥ ላይ ቄጤማ የሚባል ነገር እዚህ ቤት እንዳይገባ።»