የሰፈራችን ለቅሶ

ጎረቤቴ እትዬ በየነች ሞትን አይፈሩም፤ የሚፈሩት ያለ ዕድር መቅረትን ነው። የመንገድ ፕሮጀክቱ መቱ ያለውን ሰፈራችንን አፍርሶ እንደ ጎመን ዘር በየዳርቻው ሊበትነን መሆኑን ሲሰሙ፣ ስለ ቤታቸው ትንፍሽ አላሉም። «ታዲያ ማን ሊቀብረኝ ነው?» ብለው እኔ ላይ አፈጠጡ። የዕድሩ ዳኛ እኔ ስለሆንኩ፣ ጥፋቱም የኔ መሆኑ ነው።

ዶዘሩ በመጣ ጠዋት እትዬ በየነች የዕድሩን ድንኳን አውጣ አሉኝ። የሞተ ሰው የለም ብል ማን ሰምቶኝ። መንገዱ መሐል አስተከሉትና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ ሴቶቹም ተከትለው ለቅሶውን አቀለጡት። ቤታቸው ሊፈርስ ነውና እንባ አላነሳቸውም።

የዶዘሩ ሹፌር ኩምሳ እዚሁ አጠገባችን ያለችው የቡሬ ልጅ ነው። ለቅሶ ቤት ላይ ዶዘር የሚነዳ ደግሞ በኛ አገር አልተወለደም። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ተቀመጠ፣ ንፍሮ ሰጠነው። ሲቆይባቸው የፕሮጀክቱ ኃላፊ አቶ ጭምዴሳ ሊቆጡት እየበረሩ መጡ፤ ድንኳኑን ሲያዩ ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ለቅሶ ደርሶ ገና ከበር «ማን ሞተ?» ማለት ነውር ነው፤ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ኋላ ቀስ ብሎ ያጣራል። አቶ ጭምዴሳም አለቀሱ፤ ውሸት አልናገርም፣ ከልባቸው አለቀሱ። ከዚያ «ዋቅኒ እስን ሃ ጀጀቤሱ፣ እግዜር ያጥናችሁ» ብለው፣ ደንብ ነውና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ምን ላግዛችሁ አሉ።

እትዬ በየነች ይህችኑ ነበር የሚጠብቁት።

«የሞተው ሰፈራችን ነው፣ ልጄ። አትበትኑን። አንድ ቦታ ስጡን።»

አቶ ጭምዴሳ ዘወር ብለው ዶዘሩን አዩ። ግን ለቅሶ ላይ የተገባ ቃል አይታጠፍም። እሳቸውም የዕድር ሰው ናቸው፤ ነገ ማን ይቀብራቸዋል?

ከመቱ ወደ ጎሬ መውጫው ላይ ቦታ ተሰጠን። ጭቃ ነው፤ ግን የሁላችንም ጭቃ ነው። ቤት እስክንሠራ በዕድሩ ድንኳን ሰፍረናል። ታዲያ ከጎሬ በሚኒባስ የሚመጣው ሰው ድንኳኑን እያየ ይወርድና ገብቶ ያለቅሳል። መጀመሪያ የሞተ የለም እያልን እንመልስ ነበር፤ አሁን ትተነዋል። የድሮው ሰፈራችን ትዝ እያለን አብረን እናለቅሳለን።

ደስ የሚላቸው እትዬ በየነች ብቻ ናቸው። ጥግ ተቀምጠው ለቀስተኛውን ያያሉ።

«አየህ፣» ይሉኛል፣ «በኔ ቀን ይሄ ሁሉ ሰው ይመጣል።»